ምቀኝነታችንን ማን መዘነው?

አስፐን ሂል ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ፣ ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የእኛ ሰው ችግሩ ምቀኝነት ነው።» ይህን ያለ ሰው ማስረጃ ተጠይቆ አያውቅም። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ የተዘጋ ምግብ ቤት ይጠቅሳል፣ ሌላው ለሁለት የተከፈለ ማኅበር፣ ሦስተኛው አገር ቤት ያለ ዘመዱን። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን የሚነቀንቀው ሁሉ ከ«እኛ ሰው» ውስጥ ራሱን አውጥቶ ነው። ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ ሠላሳ ምቀኛ የበዛበት ሰው አለ፤ ምቀኛው ግን አንድም የለም። በሒሳብ እንኳ አይገጥምም።

አባባሉ ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቼው ባለፍኩ። ነገር ግን የመጠን ንግግር ነው። «ሐበሻ ምቀኛ ነው» የሚል ሰው የሐበሻ ምቀኝነት ከፈረንጁም፣ ከሕንዱም፣ እዚሁ አጠገባችን ካለው ከኤል ሳልቫዶሩም ሰው ይበልጣል እያለ ነው፤ አልፎ ተርፎ ለድህነታችንም፣ ለመከፋፈላችንም ምክንያቱ እሱ ነው እያለ ነው። ይበልጣል ማለት ተለክቷል ማለት ነው። ታዲያ ማን ለካው? በምንስ ለካው? ምቀኝነት የለም ብዬ አልከራከርም። አለ፣ የትም አለ። ያልተመዘነ ነገር እንደተመዘነ ሆኖ ሲነገር ግን ዝም ማለት አይገባም፤ በተለይ ከአባባሉ የሚጠቀመው ማን፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ሲታይ።

«ኃጢአት ደግሞ በምን ይለካል?» የሚል አይጠፋም። ሕንዶች ሞክረውታል። በሂንዱ ፍልስፍና የሰው ልጅ ስድስት የውስጥ ጠላቶች አሉት ይባላል፦ ካማ የተባለው ፍትወት፣ ክሮዳ የተባለው ቁጣ፣ ሎባ የተባለው ስግብግብነት፣ ሞሃ የተባለው ልብ የሚያደነዝዝ መታለል፣ ማዳ የተባለው የትዕቢት ስካር፣ በመጨረሻም ማትሳርያ፣ እሱም ምቀኝነት ነው። ዝርዝሩ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ካውቲልያ አርታሻስትራ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ስድስቱን ሲቆጥር ሞሃንም ማትሳርያንም አያነሳም፤ በእነሱ ቦታ ኩራትንና ከልክ ያለፈ ፈንጠዝያን ያስገባል። መጽሐፉ የተጻፈው ለንጉሥ ነው። በነዚህ ጠላቶች የጠፉ ነገሥታትን በስም እየጠራ ገዢውን ያስጠነቅቃል እንጂ ድሃው በሀብታሙ ይቀናል እያለ አያማርርም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከዚህ ሁሉ ቅርስ መጠይቅ ማውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ናሚታ ፓንዴና አር. ኬ. ናይዱ ከባጋቫድ ጊታ አናሳክቲን፣ ማለትም በውጤቱ ሳይታሰሩ ሥራን መሥራትን ወስደው መጠይቅ ሠሩለት፤ ከጤና ጋር ያለውንም ግንኙነት ፈተሹ። በ1998 ደግሞ ዴቪድ ዎልፍ ሦስቱን ጉናዎች፣ ብሩሁን ሳትቫ፣ ነዲዱን ራጃስና ጨለማውን ታማስ የሚለካ መጠይቅ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ከሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ መጠይቅ ተቀብለው ቃሉን ብቻ አልገለበጡም። ከጥንቱ መጽሐፍ ቃል አንስተው፣ «ይህን ጠባይ የያዘ ሰው ዛሬ ጠዋት ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። ይህ ያስቀናል። (ያስቀናል ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ለምን ይህን ቃል እንደመረጥኩ ወደፊት ይታያል።)

ያም ሆኖ መንገዱ ጉድጓድ አለበት። አንዱን ቶሎ ልለፈው። ጊታ ውስጥ ታማስ ስንፍናን፣ እንቅልፍንና ተስፋ መቁረጥን የያዘ ነው። ታማስን በነዚህ የሚለካ መጠይቅ ከድብርት መጠይቅ ጋር ተዛመደ ቢባል ምን ይደንቃል? ያው ጤፍ ነው ሁለት ጊዜ የተሰፈረው። ሁለተኛው ጉድጓድ ግን ጥልቅ ነው። ያው ጊታ በ18ኛው ምዕራፉ ለብራህማኑም፣ ለጦረኛውም፣ ለነጋዴውና ለገበሬውም፣ ለአገልጋዩም የየድርሻቸውን ሥራ የሚያከፋፍለው በተፈጥሯቸው ባለው ጉና ነው። እንግዲህ ጉናን እለካለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ካልተጠነቀቀ የትውልድ ደረጃን መለኪያ ይዞ ይገኛል። ጠባይ የተባለው ነገር ቀድሞውኑ ለአንዱ ወገን ተሰጥቶ፣ ከሌላው ተነፍጎ ተቀምጧል።

ይህን የምለው ሕንዶችን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም እኮ ምቀኝነትን መዝነን እናውቃለን። ሚዛኑ ቡዳ ይባል ነበር። ቡዳ ሌላ ምን ማለት ነው? ዓይኑ ያረፈበትን መልካም ነገር የሚያደርቅ፣ ያማረ ልጅ፣ የወፈረ በሬ፣ የጠገበ ሰው አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ማለት ነው። የምቀኝነት ትርጓሜ ይኸው ነው። ታዲያ ያ ሰው ማን ሆኖ ተገኘ? ባለርስቱ ጎረቤት አልሆነም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ በጎንደር በኩል ደግሞ ቤተ እስራኤሉ ሆነ። ማረሻውን የቀጠቀጠለት፣ እንስራውን የሠራችለት ሰው ነው ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል የተባለው። መለኪያ መሣሪያም ነበረው። የታመመውን በጭስ አጥነው፣ «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ ያስለፈልፉታል። ሲለፈልፍ የሚወጣው ስም ከታወቀው ሰፈር አይወጣም። መልሱ አስቀድሞ የተሞላበት መጠይቅ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ ያወጁት ያለ ምክንያት አልነበረም። አገር የሚሠራው እጅ በስድብ ተይዞ ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ፤ ቃሉ በጨዋታ መካከል ሲወረወር ዛሬም ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው አለ። «ሐበሻ ምቀኛ ነው» የሚለውን የሳሎን ጥናት በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ታሪክ ነው። ምቀኝነትን ያለ ሚዛን የመዘንን ጊዜ ዕዳውን የከፈለው ማን እንደነበረ ተጽፎ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሮናልድ ረሚኒክ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በመንዝ ስላለው የቡዳ እምነት ጥናት አወጣ። እኔ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገበሬው የሚፎካከረውና የሚፈራው እኩያውን፣ ወንድሙንና ጎረቤቱን ነው፤ ስጋቱን ግን ከራሱ ወገን አውጥቶ በውጭ ሰው ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜክሲኮ ገጠር ለዓመታት የሠራው ጆርጅ ፎስተር የምቀኝነትን ብልት በዝርዝር ያወጣበትን ጽሑፍ ሲያቀርብ ምቀኝነትን ለብቻ፣ ምቀኝነትን መፍራትን ለብቻ አድርጎ አየ። ሰው እንዳይመቀኙት ሲል ያለውን ይደብቃል፤ መደበቅ ካልቻለ «ኧረ እኔ ምን አለኝ» ብሎ ይክዳል፤ መካድ ካልቻለ ቁራሽ ያቃምሳል፤ እሱም ካልበቃ በእውነት ያካፍላል። ሞሰቡ ክዳን ያለው፣ ሲበላ ነጠላ የሚጋረድለት፣ ዓይኑን ምግብ ላይ ለጣለ ሰው ሳያጎርሱ መዋጥ የሚያስፈራበት አገር ልጅ ይህን ሲያነብ ሜክሲኮ ትዝ አትለውም።

የክርክሬ መቀመጫ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ እንደልብ የሚገኘው፣ በየሳሎኑ ማስረጃ የሚቀርብለት ነገር ምቀኝነት ሳይሆን የምቀኛ ፍርሃት ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ቁልፉን እስኪቀበል ትንፍሽ አይልም። ያረገዘች ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። አገር ቤት የሚሄደው የቲኬቱን ቀን ለወንድሙ እንኳ አይነግርም፤ አዲስ ሥራ ያገኘው ሦስት ወር ዝም ይላል። ይህ ሁሉ የሚነግረን ስለሚደብቀው ሰው ነው እንጂ ስለተደበቀበት ሰው አይደለም። ጎረቤቴ መኪናውን ቆልፎ፣ ተመልሶ ደግሞ እጀታውን ሲፈትሽ ባይ፣ ሌባ መፍራቱን አወቅሁ እንጂ ሰፈሩ በሌባ መሞላቱን አላወቅሁም። አንድም ምቀኛ በሌለበት መንደር ፍርሃቱ ብቻውን ሁሉን ሰው በየቤቱ ሊቆልፍ ይችላል። እና የምንታመመው በየትኛው ነው? መድኃኒቱ ይለያያል እኮ። ምቀኛ ከበዛ ምቀኛውን መምከር ነው፤ ፍርሃቱ ከበዛ ግን «ምቀኛ በዝቷል» እያሉ መስበክ በሽታውን ማባዛት ነው።

ዕቁብን አስቡ። በዚሁ ሰፈር ሃያ ሰው በየወሩ 1,000 ዶላር እያወጣ፣ 20,000 ዶላር ለአንዱ በዕጣ ያስረክባል እንበል። ጠበቃ የለ፣ ባንክ የለ፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና የሰው ቃል ብቻ። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ሌሎቹ አሥራ ዘጠኙ ገና የሚጠብቁትን ገንዘብ ይዞ ይወጣል፤ እነሱም «እንኳን ደስ አለህ» ብለው እራት ይበላሉ። ምቀኝነቱ በዕቁብ ቀን የት ሄደ? ዕቁብ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። የተዘጋው ምግብ ቤትም ብቻውን አያረጋግጥም። ምግብ ቤት በኪራይ ይዘጋል፣ በአብሳይ እጥረት ይዘጋል፣ በዚያው መንገድ አራተኛው ስለሆነ ይዘጋል።

ሁላችሁም የምታውቁት ቀልድ አለ። ንጉሥ አንዱን ሰው «የፈለግኸውን ጠይቀኝ፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን እሰጠዋለሁ» ቢለው፣ ሰውዬው አሰበ አሰበና «እንግዲያውስ አንድ ዓይኔን አውጣልኝ» አለ። ይህ በእኛ ዘንድ የሐበሻ ልብ ፎቶግራፍ ተደርጎ ይወራል። ነገር ግን አቪያኑስ የተባለ የላቲን ተረት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ ጽፎታል። በእሱ ተረት ሰጪው አፖሎ ነው፣ ጠያቂዎቹ አንድ ስግብግብና አንድ ምቀኛ ናቸው፣ ዓይኑን የሚያስወጣውም ምቀኛው ነው። ፊሊፒኖች ስለራሳቸው ሲያማርሩ አንዱ ሊወጣ ሲል ሌሎቹ ወደታች የሚጎትቱትን የባልዲ ሸርጣኖች ይጠቅሳሉ። ከስካንዲኔቪያ ደግሞ አክሰል ሳንደሞሴ በ1933 ባወጣው ልቦለድ ውስጥ ከሌላው የተሻልክ አይምሰልህ የሚል የአንዲት ትንሽ ከተማ አሥር ትእዛዝ ደረደረ፤ ዴንማርኮችና ኖርዌዮች እስከዛሬ ራሳቸውን የሚወቅሱበት ነው። የከተማዋ ስም ያንተ ነው። ስሙ በአማርኛ መግጠሙ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሁሉም ሕዝብ ምቀኝነትን የራሱ ልዩ ምርት አድርጎ ከቆጠረ፣ ቢያንስ አብዛኞቻችን ተሳስተናል ማለት ነው።

እሺ፣ ይለካ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ስምንት ጥያቄ ያለው የምቀኝነት መጠይቅ ወጥቷል። እስቲ ወደ አማርኛ እንመልሰው። ተርጓሚው ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ይቆማል። «ቅናት» ካለ ባለትዳሯ ስለ ባሏ ትመልሳለች፤ የሰንበት ተማሪው መንፈሳዊ ቅናት መስሎት ከፍተኛውን ቁጥር በደስታ ያከብባል፤ የዩኒቨርሲቲው ልጅ «የጓደኛዬ ውጤት አስቀንቶኝ ነው ያጠናሁት» ብሎ እሱም ያከብባል። «ምቀኝነት» ካለ ደግሞ ማንም አያከብብም። ምቀኝነት በአማርኛ ስሜት አይደለም፣ ክስ ነው። «ዛሬ ምቀኝነት ተሰማኝ» ብሎ የሚያወራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ምቀኛ ሁልጊዜ «እሱ» ነው ወይም «እነሱ»፤ «እኔ» የሚለውን ተውላጠ ስም አይጠጋም።

ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች በ2009 በቋንቋቸው ሁለት ቃል መኖሩን ይዘው፣ ሰውን ወደላይ የሚገፋው ቅናትና ባለጸጋውን ወደታች የሚጎትተው ቅናት ሁለት የተለያዩ ስሜቶች መሆናቸውን አሳዩ። በ2015 ደግሞ ላንገና ክሩሲየስ ለሁለቱ አምስት አምስት ጥያቄ ያለው መለኪያ አወጡ። አማርኛ ይህን ልዩነት ካወቀው ስንት ዘመኑ! ከዚያም አልፎ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጸሎት አለው። ይህን የሚጸልይ ሰው የሌላው ምቀኝነት ለእሱ ስንቅ እንደሚሆነው ያውቃል፤ ምቀኛ ያጣ ሰው ምንም የሚያስመቀኝ ነገር የለውምና። እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያለው ሕዝብ በስምንት የውሰት ጥያቄ አይመዘንም። ስጋቱ የእኔ ፈጠራም አይደለም። ፍራንክ ኮርትማን እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረባ ጋር ባወጣው ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲጠየቅ መላሾቹ የሚረዱትና ጠያቂው ያሰበው ነገር እንደማይገጥም አሳይቷል። «አዎ» የሚለው መልስ «አዎ» ከመሆኑ በፊት ለምን እንደተባለ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ካውቲልያ ንጉሥ ልመለስ። የገዳም አባቶችም የጥፋት ዝርዝር ነበራቸው። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪየስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ቆጠረ፤ ጽሑፉ በግዕዝም አለ። ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ውዳሴ ከንቱ፣ ትዕቢት። ቁጠሯቸው፤ ምቀኝነት የለም። ምዕራባውያን ሰባት የሚሉት ዝርዝር ውስጥ ምቀኝነትን ያስገባው የሮማው ጎርጎርዮስ ነው፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ። ምቀኝነት ቀላል ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከቃየን ጀምሮ ደም ያፈሰሰ ነው። የምለው ሌላ ነው። የበረሃው ሰው የመዘነው በአብዛኛው ያለውን ሰው የሚጥለውን ነገር ነበር፦ ገንዘቡን፣ ውዳሴውን፣ ትዕቢቱን። እኛ በየሳሎኑ የምንመዝነው የሌለውን ሰው ብቻ ነው።

ለምን? ምክንያቱም «ምቀኛ» ጥሩ ጋሻ ነው። በዚህ አካባቢ በማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ገንዘብ ተሰብስቧል፣ ዓመት አልፏል፣ አንዱ ተነስቶ «ሒሳቡ ይቅረብልን» ይላል። የሚመለስለት ሒሳብ አይደለም፤ «ሥራችንን የማይወዱ ምቀኞች አሉ» ነው። ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ጠያቂው ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አይመጣም። ከዚያ ማኅበሩ ለሁለት ሲከፈል «አያችሁ፣ ምቀኝነት ነው የከፈለን» ይባላል። የከፈለው ያልቀረበው ሒሳብ ነው። አንድ ቀን የሐበሻን ጥፋት የሚመዝን ሰው ቢመጣ ከውዳሴ ከንቱ እንዲጀምር እለምነዋለሁ፤ መድረክ ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቀውን ሰው በቅድሚያ ይጠይቅልኝ።

የሚጎዳውስ? ባለፈው የብርድ ወቅት አንዲት የሰፈራችንን እናት ክሊኒክ አደረስኳቸው። እዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የታወቀው የድብርት መጠይቅ ቀረበላቸው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይመለሳል፣ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው፣ ከ10 ጀምሮ ሐኪሙ በጥንቃቄ ያያል። የአማርኛው ትርጉም አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል፤ ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም። አስተርጓሚው በስልክ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው «ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ዘጠኝ ጊዜ። ዜሮ ከ27። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ እንቅልፍ ካጡ ሦስት ወር እንደሆናቸው ነገሩኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም እትዬ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የዚያ ልጅ ድምፅ ሐበሻ አይደለም? የማን ልጅ እንደሆነ ምን አውቃለሁ? ነገ ወሬው ቢወጣ ጠላቴ ደስ ይበለው?» አሉኝ።

አስተርጓሚው በሕግ ምስጢር ጠባቂ ነው። ለእሳቸው ግን ሕጉ ሳይሆን ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ነገር ነው የሚበልጠው፤ «የእኛ ሰው ምቀኛ ነው» ሲባል አርባና ሃምሳ ዓመት የሰማ ሰው የእኛን ሰው ድምፅ በስልክ ሲሰማ በሩን ይዘጋል። አባባሉ የሳሎን ጨዋታ መስሎን ነበር። በሐኪሙ ወረቀት ላይ ዜሮ ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን የሚያይ ተመራማሪ ደግሞ ሐበሾች ድብርት የለባቸውም ብሎ ሊጽፍ ነው።

የሃይማኖት ሰዎች መቃወሚያ ይገባኛል። ኃጢአት ለንስሐ አባት የሚነገር ነው፣ በቁጥር የሚሞላ ቅጽ አይደለም ይላሉ። ግን ያው ኤቫግሪየስ ፕራክቲኮስ በተባለው መጽሐፉ መነኩሴው ሐሳቦቹን እንዲመለከት ያዝዘዋል፦ መቼ ይበረታሉ፣ መቼ ይላላሉ፣ የትኛው የትኛውን ተከትሎ ይመጣል፣ በመካከላቸው ስንት ጊዜ ይቆያል። ይህ ልኬት ካልሆነ ምንድን ነው? ልዩነቱ የራሱን ሐሳብ መቁጠሩ ላይ ነው፤ የጎረቤቱን አይደለም። መጠይቅ ከዚህ ትውፊት የሚማረው አለ፣ ትውፊቱም መጠይቁን ሊፈራው አይገባም። ስም የሌለበት ወረቀት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ማንንም ከንስሐ አያስቀርም።

ስለዚህ ይሠራ እላለሁ። ከአስፐን ሂል እስከ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ቢሮ ያለው መንገድ ጥቂት ማይል ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማስታወቂያውን በአማርኛ ያትማል፤ ሥነ ልቦና የተማሩ ልጆቻችን እዚህም አዲስ አበባም ሞልተዋል። ሲሠሩት «ምቀኛ ነህ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። ድርጊት ይጠይቁ። የሥራ ቅጥር መኖሩን ሰምተህ ለማን ነገርክ? ጓደኛህ ቤት ገዛሁ ሲልህ በልብህ መጀመሪያ የመጣው ምን ነበር፣ በአፍህ የወጣውስ? ባለፈው ዓመት ሰው እንዳይሰማብህ የደበቅኸው መልካም ዜና ስንት ነው? የደበቅኸው ሕመምስ? ሒሳብ የጠየቀህን ሰው ምን ብለህ ጠራኸው? ያንኑ ጥያቄ ለኤል ሳልቫዶሩም፣ ለሕንዱም፣ ለፈረንጁም ጎረቤታችን በየቋንቋቸው ያቅርቡላቸው፤ ይበልጣል የተባለው ከማን እንደሚበልጥ እንድናይ። ምቀኝነቱንና ፍርሃቱን ደግሞ ለየብቻ ይደምሩ።

ጥያቄውን ግን አስተርጓሚ አያንብበው። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የተቀዳ ድምፅ ይሁን፣ ድምፁም በዚህ ካውንቲ የማይኖር ሰው ድምፅ ይሁን፤ ቁጥሩን መላሹ ራሱ ይንካ፣ ወረቀቱንም ራሱ ሳጥን ውስጥ ይክተት።